ድምፅ፣ ምስል ወይስ ታብሌት? ለአንደኛ ደረጃ መምህር የቴክኖሎጂ ምርጫ

መስከረም ላይ አንዲት አዲስ መምህርት ትምህርት ቤታችን ተመደበች። የተሰጣት ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው። ትውውቃችን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዘን ቆመን ሳለ፣ «ቲቸር፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜአለሁ። ክፍሌ ውስጥ በቴክኖሎጂ ማስተማር ፈልጌ ነበር። ፕሮጀክተር ይሻለኛል ታብሌት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ደስ አለኝ። ከገዛ ደመወዟ ለልጆቹ ልታወጣ ነው። ግን ፈራሁላትም። ገንዘቧ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ፈራሁ። ከዚያ የበለጠ የፈራሁት ደግሞ የመጀመሪያ ሙከራዋ ከከሸፈ ሁለተኛ እንዳትሞክር ነው። እንዲህ ሆነው የቀሩ መምህራን አውቃለሁ። በመደርደሪያቸው አቧራ የጠጣ ዕቃ አለ፤ ሲጠየቁ «ለእኛ ክፍል አይሆንም» ይላሉ።

ያን ቀን የመለስኩላት በጥድፊያ ነበር፤ ደወል ተደወለ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

የማወዳድረው እኔ በማውቀው ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። የማስተምረው ደብረ ብርሃን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። 57 ልጆች አሉኝ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ይቀመጣሉ። አንድ ሶኬት አለ፤ እሱም ከበሩ ጎን ነው። መብራት አንዳንድ ቀን ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ ያለው በስልኬ የምገዛው ፓኬጅ ብቻ ነው። 25 ልጅና ዋይፋይ ያለው ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ አንዳንዱ ፍርዴ ለእናንተ ይለወጣል። የሚለወጥበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

መጀመሪያ 40ውን ደቂቃ ተመልከቱ

ዕቃ ለማየት ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሳምንት የራሳችሁን ክፍለ ጊዜ ታዘቡ። ትምህርቱ የት ላይ ነው የሚያዘው? እኔ ስታዘብ ማነቆው ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ወይ ልጆቹ አልሰሙም። ወይ አላዩም። ወይ ደግሞ ተራ አልደረሳቸውም።

አልሰሙም ስል የእኔ ድምፅ አልደረሳቸውም ማለቴ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ ቃል ከእኔ አፍ በቀር ከሌላ ሰው ሰምተው አያውቁም። ተረት ከእኔ በቀር የሚያነብላቸው የለም። አላዩም ስል ደግሞ ባሕሩን፣ መርከቡን፣ የሚመታ ልብን ነው፤ በጠመኔ ብስለው የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ። ተራ አልደረሳቸውም ያልኩት በቀላል ሒሳብ ይታያል። 40 ደቂቃን ለ57 ልጅ አካፍሉት። ለአንድ ልጅ 42 ሰከንድ ይደርሰዋል። ይህም እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ነው።

እያንዳንዱ ችግር የየራሱ መፍትሔ አለው። ፕሮጀክተር ተራ ላልደረሰው ልጅ ምንም አያደርግለትም። እንዲያውም ሌላ 40 ደቂቃ ተመልካች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ታብሌት ደግሞ አጠራር ላልሰማ ክፍል ውድ መንገድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩን፣ ቀጥሎ ዕቃውን።

ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚሆነውን ፔሩ አሳይታናለች። የፔሩ መንግሥት ለገጠር ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ በብዛት አከፋፍሎ ነበር። በ319 ትምህርት ቤቶች የተደረገው ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል። በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ግን ላፕቶፕ ካላገኙት ልጆች የተለየ ነገር አልታየም። ዕቃው ክፍል ገባ፤ ከዕለቱ ትምህርት ጋር ግን በደንብ አልተያያዘም። ይህን ሳስብ የሚያሳዝነኝ የባከነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የመምህራኑም ልፋት ነው።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ድምፅ ነው

ለመምህርቷ የመለስኩላት፣ «ሁለቱንም ተይው፤ መጀመሪያ ስፒከር ግዢ» ብዬ ነበር። ፊቷ ላይ ቅሬታ አየሁ። ፕሮጀክተር ስትል ስፒከር ማለት ዝቅ ማለት መሰላት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በአማርኛ ንባብ ውስጥ ፊደላችን የማያሳየን አንድ ነገር አለ፤ ጠበቅና ላላ። «ዋና» ብለን ስንጽፍ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ዋናው መንገድ፣ ከጽሕፈቱ አይታወቅም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ አይን አይለየውም። የሚለየው ጆሮ ነው። የአማርኛ አፍ መፍቻ ያለው ልጅ እንኳ ማንበብ ሲጀምር እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ቤቱ ሌላ ቋንቋ ለሚናገር ልጅ ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ተማሪዬ «አባቴ ሰፊ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አነበበ። አባቱ እውነትም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ማሽን ይዘው ይቀመጣሉ። ልጁ ግን «ፊ»ን አጥብቆ አነበባት፤ አባቱን ሰፊ ሜዳ አደረጋቸው። እኔ አላረምኩትም። በስልኬ እንደቀዳሁት በስፒከር መልሼ አሰማሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። አንዴ ድገሚልኝ በሚል ዓይን አየኝ። ደገምኩለት። «ቲቸር፣ እንዲህ አላልኩም... አይ ብያለሁ!» አለና ራሱ አላልቶ አነበበው። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱን ያገኘው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ክፍሉ በሙሉ ደግሞ ስለሰማ፣ የተማረው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ይህን በፕሮጀክተር ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ የልጆችን እጅና ዓይን ነፃ ይተዋል። እየሰሙ መጻፍ ይችላሉ፣ መነሳት ይችላሉ፣ አብረው መመለስ ይችላሉ። ይህ ዘዴ በደንብ የተፈተነ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኒካራጓ በሬዲዮ ሒሳብ ሲያስተምሩ አንድ ብልሃት ተጠቀሙ። ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ልጆቹ በዚያ ዝምታ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ቀጥሎ ሬዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ተወስዶ ተሠርቶበታል። እኔም ይህንኑ በስልኬ እቀዳለሁ። «ሰባት ሲደመር ስምንት?» እላለሁ፤ አራት ሰከንድ ዝም፤ «አሥራ አምስት»። አሥር ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። 57ቱም ልጆች አሥር አሥር ጊዜ ይመልሳሉ። ያቺን 42 ሰከንድ ያሸነፍኩባት መንገድ ይህች ናት።

ታዲያ ስልክ ብቻውን አይበቃም ወይ? ለ15 ልጅ ይበቃል። ለ57 አይበቃም። የስልክ ድምፅ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያልቃል። ደግሞም ስልክ የራሳችን ዕቃ ነው። በትምህርት መሃል ይደወላል፣ መልእክት ይገባል፣ ባትሪው ያልቃል። ለዚህ ነው ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ስፒከር የምመርጠው። ቅጂው ቤት ውስጥ ያልቃል፤ ክፍል የሚገባው ካርዱ ነው፤ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀመጣል። በተለመደው ጥራት የአምስት ደቂቃ ቅጂ አምስት ሜጋባይት ገደማ ነው። 8 ጊጋባይት ካርድ ከ100 ሰዓት በላይ ይይዛል። ለዓመት ይበቃል።

ስትገዙ ባለሱቁ ሞቅ ያለ ዘፈን ከፍቶ ያሰማችኋል። በዘፈን ሁሉም ስፒከር ያምራል። እናንተ የራሳችሁን ንግግር የተቀዳበት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ድምፅ ክፈቱትና አሥር እርምጃ ራቁ። «ተ» እና «ጠ»፣ «ከ» እና «ቀ» ተለይተው ይሰማሉ? ባሱ ብቻ የሚደልቅ ከሆነ ለእኛ ሥራ አይሆንም። ባትሪ ያለው ይሁን። ኃይሉ 10 ዋት አካባቢ ከሆነ ለአንድ ክፍል በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስፒከር የማይችለው ነገርም አለ። መስማት ለሚቸግረው ልጅ አይሆንም። ጎረቤት ክፍልንም ይረብሻል፤ ግድግዳችን ስስ ነውና ከጎን ካለው መምህር ጋር ሰዓት መነጋገር ግዴታ ነው። እንቅስቃሴና መልክ ያለው ትምህርት ላይ ደግሞ ቦታውን ይለቃል። ያኔ ወደ ምስል እንመጣለን።

ቴሌቪዥን ወይስ ፕሮጀክተር?

እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደነበር የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ስክሪኑ ከሰሌዳው ጎን፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ስርጭቱ በእንግሊዝኛ ነው። ምስሉ ውብ ነበር፤ ላቦራቶሪ ያላየነው ልጆች ሙከራ ሲሠራ አየንበት። ግን አይቆምም። ያልገባው ልጅ «ይደገምልኝ» ቢል የሚሰማው የለም። መምህራችን ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ነበራቸው፤ የቀረውን እንደ እኛው ቆመው ያያሉ። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ።

ስለዚህ በምስል ጉዳይ የመጀመሪያ መመዘኛዬ የስክሪኑ ስፋት አይደለም። «ላቆመው እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ዛሬ በፍላሽ የሚጫወት ቪዲዮ ይቆማል። እኔ ደቂቃ በደቂቃ አቆመዋለሁ። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እላለሁ። ለጎናቸው ይናገራሉ። ከዚያ እቀጥላለሁ። ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሥራ ሁለት ደቂቃ ትምህርት ይሆናል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። በመጀመሪያ ፕሮጀክተር የተዋስኩ ቀን ስለ ውሃ ዑደት ላስተምር ነበር። ማታውን ቪዲዮ ሳዘጋጅ አመሸሁ። ጠዋት ክፍል ስገባ ገመዱ ከሶኬቱ አልደረሰም። ዲቫይደር ፍለጋ ልጅ ላክሁ። መስኮቶቻችን በሁለቱም ጎን ናቸው፤ የደብረ ብርሃን ጠዋት ፀሐይ ደግሞ ቀጥታ ሰሌዳው ላይ ትወርዳለች። አንሶላ ሰቀልን። ምስሉ ሲመጣ ደመናውና ሰማዩ አንድ ነጭ ነገር ሆኑ። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ምንም አላዩም። ሰዓቴን ሳይ 20 ደቂቃ አልፏል። አንዲት ልጅ ከኋላ ተነስታ «ቲቸር፣ እኛ ጋ አልመጣም» አለችኝ። እስካሁን አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቁጥር ላስቀምጠው። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተሩ ቢያንስ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶናቸው ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ማየት ያለባችሁ «ኤ ኤን ኤስ አይ (ANSI) ሉመን» የሚለውን፣ በመደበኛ ልክ የተለካውን ቁጥር ነው። እሱ ካልተጻፈ አትግዙ። ማታ መኝታ ቤት ውስጥ ያምራሉ፤ ቀን ክፍል ውስጥ ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር አምፖሉ ከጥቂት ሺህ ሰዓት በኋላ ይለወጣል፤ መለወጫውም ውድ ነው። ኤልኢዲ ከሆነ በጣም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ቴሌቪዥን ፀሐይ አያሸንፈውም። የሚጎዳው ትንሽነቱ ነው። አንድ የተለመደ ልክ አለ፦ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ከምስሉ ቁመት ስድስት እጥፍ በላይ ርቆ መቀመጥ የለበትም። የ43 ኢንች ቴሌቪዥን ቁመቱ 54 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስድስት እጥፉ 3 ሜትር ከ20 አካባቢ ይሆናል። የእኔ ክፍል የኋላ ዴስክ ከዚያ እጥፍ በላይ ይርቃል። ስለዚህ በቴሌቪዥን ጽሑፍ አላሳይም። የምናሳየው እንቅስቃሴና ትልልቅ ሥዕል ነው። ልጆቹንም ለሁለት እከፍላቸዋለሁ። ግማሹ ወደፊት ተጠግቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ግማሹ ደብተሩ ላይ ይሠራል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። ፕሮጀክተር ግን ምስሉን አንድ ሜትር ከ20 ቁመት ካደረሰው ከሰባት ሜትር በላይ ይነበባል። እውነተኛ ብልጫው ይህ ነው።

በኃይል በኩልም ልዩነት አለ። መካከለኛ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከ100 ዋት በታች ነው የሚወስደው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከ200 እስከ 300 ዋት ይፈልጋል፤ ላፕቶፕም ይጨመርበታል። በሶላር ወይም በትንሽ ጄኔሬተር ለምትሠሩ ይህ ወሳኝ ነው።

ፍርዴ እንዲህ ነው። ለአንድ ክፍል፣ በራችሁ በደንብ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ቴሌቪዥን በፍላሽ። ፕሮጀክተር ከሆነ ግን በየክፍሉ ማዞሩን ተዉት። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ላይ ወፍራም መጋረጃ ይስቀል፣ ፕሮጀክተሩ እዚያው ይተከል፤ ልጆቹ ወደ እሱ ይሂዱ። በግል ገንዘብ ፕሮጀክተር መግዛትን አልመክርም። ለርዕሰ መምህሩ አቅርቡት፤ የወላጅ ኮሚቴም ይስማው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቄላ ሲበቅል ለማሳየት ቪዲዮ ፍለጋ ዳታ አታቃጥሉ። አንድ ብርጭቆ፣ እርጥብ ጥጥ፣ አራት ባቄላ መስኮት ላይ አስቀምጡ። ልጆቹ በየጠዋቱ ሮጠው ይሄዱለታል። እጃችን ላይ ያለን ነገር በስክሪን መተካት ቴክኖሎጂ መጠቀም አይደለም።

ታብሌት

ስለ ታብሌት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ታሪክ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በእነዚህ አካባቢዎች ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች፣ የታሸገ ታብሌት አድርሶ ነበር፤ ከነሶላር ቻርጀሩ። መምህር አልነበረም። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ታብሌቱን አበሩት፤ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። የልጆቻችን ንቃት ያኮራኛል። ግን ከዚህ ተነስቶ «መምህር አያስፈልግም» ማለት ስሕተት ነው። ፊደል መዘመር ማንበብ አይደለም።

ታብሌት ተራ ላልደረሰው ልጅ ነው የሚሆነው። እሱ ብቻ ነው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው የሚጠይቅ፣ ሲሳሳት ያን ጊዜውን የሚነግረው። ግን ለ57 ልጅ 57 ታብሌት ማን ይገዛል? ያለው ምርጫ አምስት ወይም ስድስት ታብሌት በቡድን ነው። በቡድን መሥራት የምናውቀው ነገር ነውና አይከብድም። ችግሩ በየቡድኑ ፈጣኑ ልጅ ታብሌቱን ይይዝና ሌሎቹ ያያሉ። እኔ ያዋጣኝ አንድ ሕግ ነው፦ ስክሪኑን የሚነካው ልጅ መልሱን አይናገርም። መልሱን የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው፤ እሱ ይነካል ብቻ። በየሁለት ደቂቃው ይለዋወጣሉ።

25 ልጅ ላላችሁ ይህ ምርጫ በጣም የተሻለ ይሆናል። አምስት ታብሌት ለአምስት ቡድን፤ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ቡድን በታብሌት፣ ሌሎቹ ከእናንተ ጋር። ለእኔ ዓይነት ክፍል ግን ታብሌት ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ስድስት ታብሌት ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግ፣ መቁጠር፣ መቆለፍ፣ የተሰነጠቀውን ማሠራት... ይህ ሁሉ የመምህሩ ሥራ ይሆናል። አስቡበት።

ውስጡ የሚገባው ነገር

ዩቲዩብ ክፍል ውስጥ በቀጥታ መክፈትን አልመክርም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ማስታወቂያውም ለልጅ የማይሆን ነገር ያመጣል። ቤት አውርዳችሁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታችሁ ግቡ።

ለተረት አፍሪካን ስቶሪቡክ ጥሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ነፃ የተረት ስብስብ ነው፤ የአማርኛ ተረቶችም አሉት። አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብም፣ አትሞ መስቀልም ይቻላል። ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ቪዲዮና መልመጃ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭናችሁ፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ለታብሌቶች የምታካፍሉበት ነፃ ፕሮግራም ነው። አሠራሩን እወደዋለሁ። ይዘቱ ግን በብዛት በእንግሊዝኛ ነውና ለታችኛው ክፍል ያን ያህል አይጠቅምም፤ ለሰባተኛና ስምንተኛ ይሻላል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ በቴሌግራም ይዞራሉ፤ ስልካችሁ ላይ ይኑሩ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስንም የምትጠይቁ አላችሁ። እኔ የምጠቀምበት ለዝግጅት ብቻ ነው። ተጨማሪ የሒሳብ ጥያቄዎች እንዲያወጣልኝ አዘዋለሁ፤ ጊዜ ይቆጥብልኛል። አማርኛው ላይ ግን ይሳሳታል፤ ያልነበረ ተረትና ምሳሌ ሲፈጥርም አይቻለሁ። ሳላነበው ወደ ሰሌዳ የወጣ ነገር የለም።

ከወላጅ ጋር፦ ቴሌግራም ወይስ ስልክ መደወል?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ሁላችንም ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ማስታወቂያ ለመንገር፣ የቤት ሥራ ለመላክ እስከ ዛሬ ከእሱ የሚሻል የለም። ግን ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ። ከእኔ 57 ልጆች ስማርት ስልክ ያለው ወላጅ ግማሽ አይሆንም። በጣም እርዳታ የሚፈልጉት ልጆች ወላጆች እዚያ ውስጥ የሉም።

ስልክ መደወል አሮጌ ዘዴ ይመስላል። ቦትስዋና ውስጥ በዚያው በኮሮና ጊዜ 4,500 በሚሆኑ ቤተሰቦች ላይ ሞክረውት ነበር። ለአንዳንዱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከ። ለአንዳንዱ በሳምንት አንዴ ተደውሎ 20 ደቂቃ ያህል ከልጁና ከወላጁ ጋር ጥያቄው ተሠራ። የልጆቹን ሒሳብ በግልጽ ያሻሻለው የተደወለላቸው ነው። ለ57 መደወል አይቻልም። ለአራት ይቻላል። እኔ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት አራት ቤት እደውላለሁ፤ አምስት አምስት ደቂቃ። እናትየዋ ስልኩን ለልጁ ትሰጠዋለች፣ ልጁ አንድ አንቀጽ ያነብልኛል፣ እሷ ጎኑ ሆና ትሰማለች። የአንዷ ልጅ አያት ከዚያ ወዲህ በየማታው «ለቲቸር የምታነቢውን እስቲ ለእኔም አንብቢልኝ» ይሏታል።

ማን ያስተምረኝ?

አራት መንገድ አለ። ሥልጠና፣ ዩቲዩብ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ከጎን ያለው መምህር።

ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ እንቀመጣለን፤ ስላይዱ ያልፋል፤ ስንመለስ የተነገረን ዕቃ ትምህርት ቤታችን የለም። ይህ የአሠልጣኞቹ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም። ዕቃውን በእጅ ሳይነኩ መማር ግን ከባድ ነው። ከተጠራችሁ ሂዱ፤ ግን የራሳችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «ይህን ቪዲዮ እንዴት ላሳጥረው?» የመሰለ። የእሱን መልስ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ ሁለቱ ቀን አልባከነም።

ዩቲዩብ ለአንድ የተወሰነ ነገር ጥሩ ነው፤ ድምፅ መቁረጥ፣ ፋይል ወደ ካርድ መገልበጥ። በአማርኛ የሚያስረዱ ብዙ ጎበዝ ልጆች አሉ። ተማሪዎቻችን ደግሞ የላይኛው ክፍል ከሆኑ ስልክ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፤ መጠየቅ ክብር አይነካም። ስፒከሬን ከስልኬ ጋር ያገናኘችልኝ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት።

ከሁሉም የምመርጠው ግን ከጎን ያለውን መምህር ነው። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ቅጽ ከመሙላት ባሻገር ይህን ብናደርግ እላለሁ፦ ሁለት መምህራን አንድ ነገር ይመርጣሉ። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ያያል። ዕቃውን ሳይሆን ልጆቹን ነው የሚያየው። ስንት ልጅ አፉን ከፈተ? ስንቱ በመስኮት ወደ ውጭ አየ? የኋላው ዴስክ ሰማ? ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ለአሥር ደቂቃ ይነጋገራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይለዋወጣሉ። እኔና አዲሷ መምህርት ይህን ከጥቅምት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ እያደረግን ነው።

ስፒከሩን ገዛች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቅጂዋ በጣም ይፈጥን ነበር፤ ለልጆቹ መልስ የተወችው ዝምታ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ስለነበር አየሁት፤ ፊት ያሉት ሲመልሱ የኋላዎቹ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ነገርኳት። ቅዳሜ ቤቷ ተቀምጣ እንደገና ቀዳችው፤ አምስት ሰከንድ አደረገችው። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ቀን ስጽፍ ከግድግዳው ማዶ የስፒከሩ ድምፅ ተሰማኝ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ባንድ ላይ «ገና» አለ፣ አላልቶ። እንደገና «ገና» አለ፣ አጥብቆ። የእኔም ልጆች ሰምተው ኖሮ ከዚህ በኩል ደገሙት።